የረዘመችው መርፌ

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሀቢባ እንደ ልቧ ልታለቅስ ትችል ነበር፤ የሚያያት ብዙ ሰው አልነበረምና። ግን ለቅሶም ፋታ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የመርፌ ካርድ እየደረደረች ነበር።

ገርጂ ያለው የአጎቷ የአቶ ሚስባህ ልብስ ስፌት ቤት ጭር ብሏል። አርባዎቹ ሴቶች አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሕፃን ቱታ ሰፍተው፣ ተኩሰው፣ በአርባ ካርቶን አሽገው፣ ጠዋት በአይሱዙ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሸኙ በኋላ፣ ልጅ እንደዳሩ ሁሉ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ሄደዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ የመስመሩ ኃላፊ ሀቢባ፣ ሌላዋ ሥራ ሲያልቅ ብጣሽ ጨርቅ የሚጠርጉት ሰፊዋ እትዬ አሰገደች፤ ከሰፊዎቹ ሁሉ በዕድሜም በምላስም የሚበልጡት።

ሀቢባን ሊያስለቅሳት የደረሰው አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ፣ ሙሉ መስመር በዓይኗ ብቻ የምታዝ፣ ለአንድ ገጽ ተኩል መልስ አጥታ ከሮብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ቢባል ማን ያምናል? ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

የጻፈላት አምደሚካኤል ይባላል። የሕፃናት ልብስ የሚያሰፋ አንድ የውጭ ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ የቀጠረው ወኪል ነው። ሥራው ከስፌት ቤት ስፌት ቤት እየዞረ «እዚህ ቢሰፋ ይሻላል፣ እዚያ ቢሰፋ ይሻላል» ብሎ መጻፍ ነው። የቦሌ ልጅ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ የሚቆሙት መኪኖች ከነሀቢባ ቤት ክፍሎች ይበዛሉ። እናቱ ወይዘሮ መብራት ከመቀሌ የመጡ፣ የወር በዓል የማያልፋቸው ጽኑ ኦርቶዶክስ፤ የሀቢባ አጎት ደግሞ ከስልጤ መጥተው መርካቶ በጣቃ ጨርቅ ያደጉ፣ አምስት ወቅት ሰላት የማያጓድሉ ሰው። ከዚህ በላይ ግንብ ማቆም የሚፈልግ ሲሚንቶም አያገኝ።

አምደሚካኤል ታዲያ በወር አንድ ጊዜ መምጣት ሲገባው በሳምንት ሦስቴ ይመጣ ጀመር። ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይገባና የአንዱን የሕፃን ቱታ ማንገቻ አንስቶ ይለካል፤ ያስቀምጣል፤ ሀቢባን አየት ያደርጋል፤ ያችኑ ማንገቻ እንደገና ይለካል። ማንገቻዋ አላደገችም። ያደገው ሌላ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፤ ሀቢባ በቃሏ ይዛዋለች።

«ኩባንያው ልብሱን የሚያሰፋው ወይ ሞሪሸስ ነው ወይ እዚህ። እኔ እዚህ ይሰፋ ብዬ በስሜ ፈርሜ ጽፌያለሁ። ይህ የመጀመሪያ ጭነት በቀኑና ያለ እንከን ከደረሰ ሥራው ለሦስት ዓመት የእናንተ ነው፤ እኔም እዚሁ እቀራለሁ። ካልሆነ ሥራውም ሞሪሸስ፣ እኔም ሞሪሸስ። ከቀረሁ አጎትሽ ዘንድ ሽማግሌ መላክ እፈልጋለሁ። የእናቴን ቤትም የአጎትሽን ቤትም አውቃለሁ። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አስቤም አልተውኩትም። እሺ በይኝ ወይም እምቢ በይኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።»

ዝም አትበይኝ የተባለች ልጅ ዝም አለች። እሺ እንዳትል አጎቷን ፈራች፤ እምቢ እንዳትል ራሷን ፈራች። እሱም ከሮብ በኋላ ድርሽ አላለም። እሷ «ተጸጽቶ ነው» አለች። እሱ ምን እንዳለ ወደፊት እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ካርዱ።

ይህን የመርፌ ሕግ ከኩባንያው ያመጣው ያው አምደሚካኤል ነው። ስፌት ላይ መርፌ ከተሰበረ ሰፊዋ እጇን ታነሳለች፤ ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ካርድ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ሲገጣጠም ሙሉ መርፌ መሆኑን ኃላፊዋ አይታ ትፈርማለች፤ ያኔ ብቻ አዲስ መርፌ ይሰጣል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ልብሱ ሁሉ ተይዞ ይፈተሻል። የሕፃን ልብስ ነዋ። ሕፃን እጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚልከው።

ሴቶቹ ሕጉን የሰሙ ዕለት ከሳቃቸው ብዛት ማሽን አቁመው ነበር። «መርፌም ዕድር ገባች በሉኛ» ያሉት እትዬ አሰገደች ናቸው። «ሬሳዋ ሳይጎድል፣ ቀብሯ በካርድ።»

ሀቢባ የሮብን ካርዶች ስታገላብጥ እጇ አንዱ ላይ ቆመ። ማሽን ቁጥር ዘጠኝ። ፕላስተሩ ሥር ሁለት ቁራጭ ተጋድሟል። የላይኛው ቀጭን፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። የታችኛው ጫፍ ግን ወፈር ያለና ዝገት የነካው። ፕላስተሩን በጥፍሯ አነሳችና ሁለቱን ገጠመቻቸው። ከሳጥን አንድ ያልተነካ መርፌ አውጥታ ጎናቸው አስተኛች።

የተሰበረችው መርፌ ካልተሰበረችው ረዘመች።

ሰው ከሞተ በኋላ ቁመት አይጨምርም። መርፌም እንደዚያው ነው። ሀቢባ የካርዱን ግርጌ አየች፤ ፊርማ አለ፤ የራሷ ነው። ሮብ ከሰዓት፣ ስምንት ተኩል። አምደሚካኤል የልኬት ወረቀት ያቀበለ መስሎ ደብዳቤውን መሐሉ አድርጎ የሰጣት ያን ሰዓት ነበር። ዓይኗ ካርዱ ላይ፣ ልቧ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ነው የፈረመችው።

«እትዬ አሰገደች» አለች።

«ወይ።»

«ይቺ ጫፍ የማን ናት?»

እትዬ አሰገደች መጥረጊያውን ሳያቆሙ፣ «የመርፌ ናታ፤ የማን ልትሆን ኖሯል» አሉ።

«የኛ መርፌ አይዝግም። ሳጥኑ ከተከፈተ ወር አልሞላውም።»

መጥረጊያው ቆመ።

«ቤት ካለችው የስፌት ማሽኔ፣ ከሲንጀሬ ናት» አሉ እትዬ አሰገደች ቀና ሳይሉ። «በሳምንት ሦስተኛዬ ነበረች፣ ልጄ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ክር የምታስገባልኝ አጠገቤ ያለችው ልጅ ናት። ሦስት መርፌ የሰበረች አሮጊት ማን ያስቀምጣል ብዬ ፈራሁ። ወለሉን በጉልበቴ ዳህኩት፤ ጫፏን አጣኋት። እስከ ምሳ ልጆቹ ባበደሩኝ መርፌ ሰፋሁ፤ ምሳ ሰዓት ቤቴ ሄጄ ይቺን አመጣሁ። ሁሉም አይተውኛል። አንዲትም አልተናገረችብኝ። ደጎች ናቸው።»

ደጎች ናቸው። ሀቢባም ብታይ ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አላወቀችም፤ የሚያስፈራው ይሄ ነው። በዚህ ቤት የሰው ጥፋት መሸፈን እንደ ጽድቅ ይቆጠራል፤ ነገሩ ጽድቅ ሆኖ ሳለ ጫፏ የት እንደገባች ግን ማንም አያውቅም።

«ወለል ላይ ወድቃ በመጥረጊያ ሄዳለች» አሉ እትዬ አሰገደች። «ሄዳለች፣ ስልሽ። ደግሞስ፣ ለማታውቂው የፈረንጅ ልጅ ብለሽ የምታውቂያቸውን የአርባ ሴት ልጆች ጦም ልታሳድሪ ነው?»

ሀቢባ ዞር አለች። ዓይኗ ማሽን ቁጥር ዘጠኝ ላይ አረፈ። ትናንት ዓርብ አቶ ሚስባህ ስፌታቸው የተንሻፈፈ ቱታዎችን ለሴቶቹ አድለው ነበር፤ ሁሉም ለየልጃቸው ይዘው ሄደዋል። የእትዬ አሰገደች ድርሻ ማሽኑ ላይ እንደተጣጠፈ አለ።

«ሰማያዊውን ለልጅ ልጄ ብለው የመረጡት እርስዎ አልነበሩ? ለምን አልወሰዱትም?»

«ረስቼው ነው።»

«ከሁሉ በፊት እጅዎን ዘርግተው የተቀበሉትን?»

እትዬ አሰገደች ቱታውን አዩት፤ መርፌ ያለበት ይመስል እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የማሽኑ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሀቢባ ካርዱን፣ የወደቀ ስፒል የሚለቅሙበትን ማግኔትና መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሻርፏን አስተካከለች። አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ላዳ ታክሲ አስቆመች።

«ቦሌ ካርጎ። በኮንትራት።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። «ሰው ልትሸኚ ነው እህቴ?»

«አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነው፤ አላወቀችም። ብትናገር የአርባ ሴቶች እንጀራ ይሄዳል፤ እሱም ባሕር ይሻገራል። ዝም ብትል አንድ ቀን፣ ስሙን በማታውቀው አገር፣ አንዲት እናት የልጇን አፍ ከፍታ ደም ታያለች። ከሳሊተ ምሕረት የሚመጡት ሚኒባሶች መንገዱን ዘግተው ሹፌሩ ሲነጫነጭ፣ ሀቢባ መንገዱ እንዳይከፈት ስትመኝ ታወቃት። አፈረች። ከማፈሯ ግን ፍርሃቷ በለጠ።

አምደሚካኤል ጭነቱን ሊያስረክብ ካርጎው መጋዘን ደጃፍ ላይ ወረቀት ታቅፎ ቆሟል። አርባዎቹ ካርቶኖች ከኋላው ተደርድረው የጉምሩክ ማኅተም ተደርጎባቸዋል። ቀና ሲል አያት። ሦስት ቀን የጠፋ ሰው ፊት እንዲህ ሲበራ አይታ አታውቅም። ደግሞም እንዲህ ቶሎ ሲጨልም። የሷን ፊት አይቶ ነዋ።

«ሀቢባ» አለ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ። «እምቢ ለማለት ከሆነ እዚህ ድረስ መልፋት አልነበረብሽም። ሦስት ቀን ዝም ስትዪ ገብቶኛል።»

«አንተስ ለምን ቀረህ? ሦስት ቀን በሩ ሲከፈት ቀና ባልኩ ቁጥር...» ንግግሯን ዋጠችው። «የተጸጸትክ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ? አንቺ እንድታስቢ ብዬ እንጂ። መጥቼ ፊትሽ ላይ ብቆም ያስገደድኩሽ ይመስለኛል ብዬ፣ ከቤት ስወጣ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው።»

ይህን ለመስማት ሦስት ቀን ጠብቃለች። አሁን ሲመጣ ልትቀበለው እጅ አልነበራትም፤ እጇ ካርዱን ይዟል።

«ተወው፤ ለሱ አይደለም የመጣሁት» አለችና ሰጠችው።

አየው። ሥራው ነውና ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። ጣቱን መጀመሪያ ዝገቱ ላይ፣ ቀጥሎ ፊርማዋ ላይ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ላይ አሳረፈ፤ እዚያ ላይ ቆየ።

«ይህን ስትፈርሚ ደብዳቤውን ሰጥቼሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ጫፏስ?»

«አልተገኘችም። የሮብ ስፌት ውስጥ ናት። ወይም ወለል ላይ ወድቃ ተጠርጋለች።»

«ማን ያውቃል?»

«ሰፊዎቹ ያውቃሉ፤ አይናገሩም። ከነሱ ሌላ እኔ፣ አሁን ደግሞ አንተ።»

አምደሚካኤል ዞር ብሎ ካርቶኖቹን አያቸው። ከመጋዘኑ ውስጥ የካርጎው ሠራተኛ አቶ ወልደጊዮርጊስ ብዕር ጆሯቸው ላይ ሰክተው ብቅ አሉ።

«አምደሚካኤል፣ ያንተ ጭነት ቀጣይ ነው። ወረቀቱን አምጣ።»

«አንድ ጊዜ ጋሼ ወልደጊዮርጊስ። ካርቶን መክፈት ቢያስፈልገኝ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ማኅተሙ ይፈርሳል። ማኅተም የሚያደርጉት ልጆች ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚወጡት። ከዚያ ወዲያ ያለው በረራ ማክሰኞ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ቅዳሜ አይጠየቅም፣ ወንድሜ፤ ቅዳሜ የዕረፍት ሰው ነኝ።» ሰዓታቸውን አዩ። «አምስት ደቂቃ እሰጥሃለሁ።»

አምስት ደቂቃ። ሀቢባ ካርዱን የያዘውን እጁን ታያለች። ጠዋት ሥራው እንዳይሄድ ፈርታ ነበር፤ ታክሲው ውስጥ እሱ እንዳይሄድ ፈራች። አሁን እዚህ ቆማ ግን ከሁለቱም የከፋ ፍርሃት እንዳለ ታወቃት። «ይሂድ፣ ማን ያውቃል» ቢላትስ? ሞሪሸስ ሳይሄድ እዚሁ ፊቷ ቆሞ ሊያመልጣት እንደሚችል አላሰበችም ነበር። ሥራው ይኖራል፤ ሽማግሌው ይመጣል፤ እሱ ግን አይኖርም።

ዝም አለ። ዝምታው ረዘመባት። ሌላውን ሦስት ቀን በዝምታ ስትቀጣ የከረመች ልጅ፣ የሁለት ደቂቃውን መሸከም አቃታት።

«አምደሚካኤል፣ የሆነ ነገር በል።»

«አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አለ ሳያያት። «ዝም ብለን ብንልከው የሚል። አሁን ነው የመጣው፣ እዚህ ቆሜ። ከኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምነግርሽ።»

«ከማን ልሰማው? ካንተ በቀር ማን ያውቀዋል?»

«ከኔ በቀር ማንም የማያውቀው መሆኑ ነው ያስፈራኝ።»

«ከዚያስ?»

ዞሮ አያት። ማንገቻ ሲለካ የሚያያት ዓይነት አልነበረም፤ ያ መስረቅ ነበር፤ ይሄኛው ግን በሰው ፊት ቆሞ እንደመፈረም ያለ ነበር።

«መቀስ ይዘሻል?» አለ።

ቦርሳዋን ስትከፍት እንባዋ መቀሱ ላይ ጠብ አለ። በሻርፏ ጠርጋ ሰጠችው። የመጀመሪያው ማኅተም ሲቀደድ የተሰማት ድምፅ፣ የሦስት ዓመት እንጀራ የሚቀደድ ድምፅ ነበር፤ እሷ ግን እድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ደስታውም አስፈራት።

የሮብ ሰማያዊ ቱታዎች በአሥራ ሁለት ካርቶን ተበታትነዋል። ሦስት መቶ ስድሳ። ቁልፎቹ ፕላስቲክ በመሆናቸው ማግኔት የሚስበው ብረት ካለ መርፌዋ ብቻ ናት። ሲሚንቶው ላይ ካርቶን ዘርግተው ተንበረከኩ። እሷ ቱታውን በማግኔት ታስሳለች፤ እሱ ማንገቻውንና ኪሱን በጣቱ ይጨምቃል። ስድስት ሰዓት አለፈ። አቶ ወልደጊዮርጊስ ቆመው አይተዋቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ቆይተው ያልተጠየቁትን ሁለት ጠርሙስ ውኃ አምጥተው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«ስንት ቀረ?» አለች።

«አትቁጠሪ።»

ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። የወረዱት አቶ ሚስባህ ነበሩ፤ ከኋላቸው እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አጣፍተው። ሀቢባ የያዘችው ቱታ ከእጇ ወደቀ።

«እኔው ነኝ የነገርኳቸው፣ ልጄ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ቤታቸው ሄጄ፣ ከሰላት ሲነሱ ጠብቄ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያ ቱታ ዝም ብሎ ሲያየኝ መቀመጥ አቃተኝ።»

አቶ ሚስባህ ሀቢባንም አምደሚካኤልንም አላናገሩም። የተቀደዱትን ካርቶኖች አዩ። ጫማቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ጎረምሳ ሳሉ ጣቃ ይዘረጉ እንደነበረው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉና አንድ ቱታ አነሱ። ቢጮሁ ይሻላት ነበር። ጩኸታቸውን ታውቀዋለች፤ ይህን ዝምታ ግን ከየት እንዳመጡት አታውቅም።

አራቱም ተካፍለው ሠሩ። አሥረኛው ካርቶን ላይ እትዬ አሰገደች ድንገት እጃቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ድሮም ከዓይናቸው ይልቅ ጣታቸውን ነው የሚያምኑት። የማንገቻውን ወፍራም እጥፋት በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉ።

«ሀቢባዬ፣ ማግኔቱን» አሉ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የፈሩ ይመስል።

ማግኔቱን አስጠጋች። ማንገቻዋ ዘለለችና ተጣበቀች።

ሀቢባ ስፌቱን ተረተረችው። የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታህል፣ የሚያብለጨልጭ ጫፍ መዳፏ ላይ ወደቀች። አራቱም ጎንበስ ብለው አዩአት። ያን ሁሉ ሰው ስታስር ስትፈታ የከረመችው ይቺ ናት። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቶ ሚስባህ እጃቸውን ዘርግተው የአሮጊቷን ራስ ዳሰስ አደረጉ። ሀቢባ አጎቷ እንዲህ ያለ እጅ እንዳላቸው እስከዚያች ቀን አላወቀችም።

አምደሚካኤል ካርቶን ላይ ደፋ ብሎ ለኩባንያው በእጁ ፋክስ ይጽፍ ጀመር። ሲጨርስ ለአቶ ሚስባህ በአማርኛ አነበበላቸው።

«ጭነቱ ዛሬ አይነሳም። አንድ ልብስ ውስጥ የመርፌ ቁራጭ አግኝተናል። ማንም ሳይጠይቃት የተናገረችው የመስመሩ ኃላፊ ናት። ቀሪው ሁሉ ተፈትሾ ማክሰኞ ይነሳል። ልብሱን የት እናሰፋ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ግን አልተለወጠም፤ የተሰበረ መርፌ በየትም አገር አለ።»

«ሞሪሸስ ይሉሃል» አሉ አቶ ሚስባህ።

«ሊሉኝ ይችላሉ። ሰኞ ይመልሳሉ።»

«ስምህንም ያበላሽብሃል።»

«አዎ ጋሼ።»

አቶ ሚስባህ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ አሉ፤ ማሰሪያውን ይዘው ቀሩ። የሚቀጥለውን ጥያቄ የጠየቁት ጫማቸውን እያዩ ነው።

«ሀቢባ። ቤቴ ከስፌት ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ንብረቱ የኔ፣ አንቺም የኔ ልጅ። እኔን አልፈሽ፣ ታክሲ ተኮናትረሽ፣ እሱ ዘንድ ለምን መጣሽ?»

መልስ ሞልቶ ነበር። ካርቶኖቹ እዚህ ስላሉ፤ ወረቀቱ እሱ እጅ ስላለ፤ ሰዓት ስለሌለ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ያድናታል። እትዬ አሰገደች ከነጠላቸው ሥር አንድ ዓይናቸውን አወጡ። አምደሚካኤል ብዕሩን ይዞ ደርቋል።

ሀቢባ ካርቶኑን ተደገፈች።

«እርስዎን ፈራሁ ጋሼ» አለች። «እንዴት እንደምፈራዎ ያውቃሉ። እሱን ደግሞ እንዳላጣው ፈራሁ። ግን እሱን ራሱን አልፈራሁትም። ጥፋቴን ይዤ ልቆምበት የምችል ሌላ ቦታ አልታየኝም።»

ወጣ። የሦስት ቀን መልስ፣ ለተጠየቀበት ሰው ሳይሆን ለአጎቷ፣ በሰው መሐል፣ በካርጎ ደጃፍ። አቶ ሚስባህ ቀና አሉ፤ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን፣ ብዙ ቆይተው ደግሞ እንደገና እሷን አዩ። ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀች። የመጣው ግን የደከመ ሽማግሌ ትንፋሽ ነው።

«አንተ ልጅ» አሉ ወደ አምደሚካኤል። «ትፈራለህ?»

«እፈራለሁ ጋሼ። ከሰኞ ይልቅ አሁን እርስዎን።»

አቶ ሚስባህ እሺም አላሉ፤ እምቢም አላሉ። የጫማቸውን ማሰሪያ አጥብቀው አሰሩ፤ ፈቱት፤ እንደገና አሰሩት።

ያኔ አውሮፕላኑ ተነሳ። የነሱን ካርቶን ሳይዝ፣ መጋዘኑን እያንቀጠቀጠ በአናታቸው ላይ ወደ ጎሮ በኩል አለፈ። አቶ ሚስባህ ቀና ብለው አዩት፤ እትዬ አሰገደችም አዩት፤ አቶ ወልደጊዮርጊስም ከበሩ ብቅ ብለው አዩት። አምደሚካኤል ብቻ አላየም። እሱ የሚያያት ሀቢባን ነው፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም፤ በአጎቷ ፊት።

ሰኞን ትፈራለች፣ ወይዘሮ መብራትን ትፈራለች፣ የአጎቷን ዝምታ ትፈራለች። ይሄኛውን፣ ዓይኖቹን ስታይ የሚሰማትን ፍርሃት ግን፣ ማንም መጥቶ አይዞሽ ብሎ እንዲወስድባት አልፈለገችም።